የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ወታደሮች

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው፤ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ በሞተች በአርባኛው ቀን ተዝካሯ ወጣ። የዕድሩ ድንኳን ተነቀለ፣ ድስትና ሳህኑ ተመለሰ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ቤቱን ጠርጌ፣ በሩን ከፍቼ፣ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አልመጣልኝም።

የምንኖረው መርካቶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን። ሥራችን ጥልፍ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ቀሚሱን ሰፍተው ያመጡልናል፣ እኛ አንገቱንና ጠርዙን ጠልፈን እንመልሳለን። እህቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኝ ነበር። አባታችን ሲሞት ከጎጃም ያመጣችኝ እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት ያስገባችኝም፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝም እሷው። ኅዳር ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ራሷን አመማት። በስምንተኛው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ በዘጠነኛው ቀን ብቻዬን ተመለስኩ።

አላለቀስኩም። ይህን የምናገረው ለጀግንነት አይደለም። በለቅሶው ሰሞን ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውኝ፣ "አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ" ሲሉኝ አምቄ የያዝኩት ነገር ያለ መስሏቸው ነበር። የያዝኩት ነገር አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ እንዴት እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሲነኩት እንደተነካ ይታወቃል፣ ድዱ ግን የራስ አይመስልም። እንደዚያ ነበርኩ። ጨው የሌለው ወጥ ሠርቼ ሁለት ቀን በላሁት፤ ጨው እንደሌለው የነገሩኝ እትዬ ብለን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሌላ ቀን ደግሞ የከሰል ካውያው ክንዴን ነካኝ። ቆዳዬ ሲነጣ አየሁትና "ይኼ ማመም ነበረበት" ብዬ አሰብኩ። ካውያውን አስቀምጬ መተኮሴን ቀጠልኩ።

ጥልፉን ግን አልቻልኩም። መርፌውን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ሳያስቀይሙኝ ቀሚሶቻቸውን እየሰበሰቡ ወሰዱ።

ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሻለቃ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። ደብተር፣ ቀለም፣ ማስመሪያ ይሸጣሉ። ጡረታ የወጡት እጃቸውን በሚያንቀጠቅጥ ሕመም ነው። በለቅሶው ጊዜ በየቀኑ እየመጡ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጡና አንድም ቃል ሳይናገሩ ይሄዱ ነበር። ከተዝካሩ በኋላ በሳምንቱ ገደማ በራፌ ላይ ቆመው፣ "ቤቶች" አሉ።

"ይግቡ ጋሼ" አልኩ።

ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ "እስኪ እጅሽን ዘርጊው" አሉኝ። ዘረጋሁት። አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ከጎኑ ዘረጉት፤ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

"አየሽ?"

"አየሁ ጋሼ።"

ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡና በእጄ መዳፍ ላይ ገለበጡት። የገብስ ፍሬ መሰለኝ፤ ግራጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ደግሞም ከመጠኑ ይልቅ የሚከብድ።

"ወታደሮች ናቸው" አሉኝ። "ከእርሳስ ብረት የተሠሩ።" አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። በመነጽሩ ሳይ እውነትም ወታደሮች ናቸው፤ ረጅም ቆብ፣ በትከሻ የተያዘ ጠመንጃ፣ ሊራመድ የተነሳ እግር። ፊት የላቸውም፣ በፊት ቦታ ትንሽ እብጠት ብቻ ነው ያለው።

ሻለቃው ነገሩን በዝርዝር አስረዱኝ። በወጣትነታቸው ለውትድርና ትምህርት ባሕር ማዶ ተልከው ሳለ ከአንድ አስተማሪያቸው ጋር ወዳጅ ሆነው ነበር። አሁን ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። እኒያ ሰውዬ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ፣ አንድ ዓይነት ካርታ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በደብዳቤ ይዋጋሉ። አንዱ "ይህን ጦር ወደዚህ አዛውሬያለሁ" ብሎ ይጽፋል፤ ደብዳቤው በወሩ ይደርሳል፤ ሌላው ደግሞ መልሱን ይጽፋል። እስካሁን የሻለቃው ጦር በወረቀት ቁራጭ ነበር። አሁን ወዳጃቸው እውነተኛውን ጦር በጥቅል ልከውላቸዋል፤ ነገር ግን ቀለም አልተቀባም።

"የማን ጦርነት ነው?" አልኳቸው።

"የፈረንጆች። መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሁሉም ሞተዋል።"

"ታዲያ ማን እንዳሸነፈ አይታወቅም?"

"የያኔውማ ይታወቃል። የእኔና የእሱ ግን ገና አላለቀም።"

"እኔ ቀለም ቀብቼ አላውቅም ጋሼ።"

"እኔስ ጡረታ ወጥቼ አውቅ ነበር?" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ፈልጌ አይደለም። እምቢ ለማለት ምክንያት መፈለግ ነበረብኝ፣ ያን ማሰቡ ደከመኝ።

በማግስቱ ቀለም ፍለጋ ወጣሁ። መርካቶ ቀለም የሚሸጠው በትልቅ ጣሳ ነው፤ ቤት ለሚቀባ ሰው። ስለዚህ ታፔላ ጻፊው ዘንድ ሄድኩ። መሰላል ላይ ቆሞ የአንድ ሆቴል ስም በቀይ ይጽፋል፤ አንዱ ፊደል ብቻ የእኔን ቁመት ያህላል።

"ለምን ያህል ስፋት ነው የምትፈልጊው?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"ለገብስ ፍሬ።"

ወርዶ አየኝ። ሐዘኔን ሰምቶ ስለነበር ቀልድ አይደለም ብሎ ገመተ መሰለኝ፣ ሌላ አልጠየቀኝም። በፔኒሲሊን ብልቃጦች ከየጣሳው ትንሽ ትንሽ ቀዳልኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡኒ። ለማቅጠኛ የሚሆን አኳራጅም ጨመረልኝ። "ብዙ አታቅጥኚው፣ ይፈስብሻል" አለኝና መሰላሉ ላይ ተመለሰ።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ወታደሮች ለመቀባት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሻለቃው ሱቅ ትንሹ ብሩሽ እንኳ ትልቅ ሆኖብኝ ፀጉሩን በመቀስ ቆርጬ ቆርጬ ጥቂት ፀጉር አስቀረሁ። አንዱን ወታደር በወረንጦ ይዤ ኮቱን ሰማያዊ ስቀባ ቀለሙ ወደ ሱሪው ይፈሳል። ሱሪውን ነጭ ሳደርግ ጣቴ ኮቱን ይነካውና ይፋቃል። ሆኖም ሁሉንም ነገር ቀባሁ፤ ቁልፉን፣ ጫማውን፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ። ፊት በሌለው ፊት ላይም በሁለት ነጥብ ዓይን ሠራሁ። ሲያልቅ ወጥ ውስጥ የወደቀ ዝንብ ይመስሉ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ወረቀት ላይ አድርጌ ወሰድኩላቸው።

ሻለቃው በመነጽራቸው ረጅም ጊዜ አይተው፣ "ዓይን ሠርተሽላቸዋል" አሉ።

"አዎ።"

"ቁልፍም አለ።"

"አዎ ጋሼ።"

ወረቀቱን ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀመጡና እጄን ይዘው ሦስት እርምጃ ወደኋላ ወሰዱኝ። "አሁን ምን ይታይሻል?"

"የቆሸሸ ነገር።"

ሳቁ። ሳቃቸውም እንደ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የወዳጃቸውን ደብዳቤ አውጥተው እየተረጎሙ አነበቡልኝ። ሰውዬው ስለ አቀባቡ ጽፈው ነበር። ወታደሩን ለብቻው አትያዙት፤ ሃያውን በአንድ እንጨት ላይ በኮላ ደርድሩና በአንድ ቀለም ሁሉንም ባንዴ እለፉባቸው። መጀመሪያ ጥቁር ቀቡና ጥቁሩን በየስንጥቁ ተዉት። ከእውነተኛው ጨርቅ ይልቅ የደመቀ ቀለም ተጠቀሙ፣ ትንሽ ነገር ከሩቅ ሲታይ ይጨልማልና። ፊቱ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ሰው የሚያየው ሰልፉን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ይህን ስሰማ ገባኝ። የጥልፍ ሕግ ነው። እህቴ ቀሚሱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ በር ድረስ ሄዳ ዞር ብላ ታይ ነበር፤ "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም በአፍንጫው ተጠግቶ አያይሽም" ትል ነበር።

ከሱቁ የእንጨት ማስመሪያ ይዤ ተመለስኩ። ሃያ ወታደሮች በኮላ ደረደርኩበት። ጥቁር፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ለሱሪው ነጭ፤ እንደተባለው እየሄድኩበት ከጠዋት እስከ ምሳ ብዙውን ጨረስኩ። የቸገረኝ በደረታቸው ላይ የሚጠላለፈው ቀጭን ነጭ ማንገቻ ነው። ብሩሹ አይሆንም። መርፌ ትዝ አለኝ። የእህቴን የመርፌ ቆርቆሮ ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር፤ ያን ቀን ከፍቼ ከሁሉ ቀጭኑን አወጣሁ። ዓይኑ ውስጥ ቀይ ክር ቀርቶ ነበር። መዝዤ ጣልኩት። የመርፌውን ጫፍ ነጩ ቀለም ውስጥ ነክሬ ደረታቸው ላይ ሰያፍ ሳስነካ ቀጭን መስመር ወጣ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሃያውንም። ግድግዳው ሥር አቆምኳቸውና በር ድረስ ሄጄ ዞር አልኩ። ሰልፍ ነው። ደስ አላለኝም፤ ብቻ ትክክል እንደሆነ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ቀባሁ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ይዘው ይመጡና ቆመው ያዩኛል። አንድ ቀን አልቻሉም።

"በሐዘን ላይ መጫወቻ?" አሉኝ። "እህትሽ አፈሯ ሳይደርቅ?"

"መጫወቻ አይደለም እትዬ፣ የሰው ሥራ ነው።"

"ለሷ ያላለቀስሽ፣ ለዚህ ዓይንሽን ታጠፊያለሽ?"

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከርኩ። እሳቸውም እንጀራውን አስቀምጠው ወጡ። በማግስቱ ግን እንደ ወትሮው ይዘው መጡ። ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሱም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሻለቃው ደብዳቤ እንደደረሳቸው ነገሩኝና ጦርነቱን እንዳይ ወደ ሱቁ ጓዳ አስገቡኝ። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ከሥሩ መጻሕፍት ገብተው ኮረብታ ሆነዋል፤ ወንዙ ሰማያዊ ጥብጣብ ነው። በወንዙ ዳር እኔ የቀባኋቸው ቆመዋል። ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ እውነተኛ ጦር ከሩቅ ተራራ ላይ ሲያዩት እንደሚመስለው ነበር። ሻለቃው ደብዳቤውን አነበቡ፤ የወዳጃቸው ፈረሰኛ በግራ በኩል ጥሷል። እሳቸው ሁለት ረድፍ አንስተው ሳጥን ውስጥ ከተቱ።

"ሞቱ?" አልኩ።

"ሞተውም፣ ሸሽተውም ይሆናል። እዚህ አለመኖራቸውን ብቻ ነው የምናውቀው።"

ያኔ ነው ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ የጦር አዛዡ በቆመበት ዙሪያ፣ አምስት የቆሸሹ ነገሮች ያየሁት። የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ዓይን ያላቸው።

"እነዚህን ያውጧቸው" አልኳቸው።

"ለምን? የአዛዡ ጠባቂዎች ናቸው።"

"ያስጠላሉ። ያውጧቸው አልኩዎት!"

ድምፄ ከጓዳው አልፎ ሱቁ ውስጥ ደብተር የሚገዛውን ሰው አስዞረው። እኔም ደነገጥኩ። ከኅዳር ወዲህ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። ያውም አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ፣ ያውም በገብስ ፍሬ ምክንያት። ጆሮዬ ጋለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሻለቃው አምስቱን እየለቀሙ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

"እንግዲያው አስተካክለሽ አምጪያቸው" አሉኝ።

በአኳራጅ አጥቤ እንደገና ቀባኋቸው። ንዴቱ እስከ ማታ አልቆየም፤ እንደ መጣ ሄደና መልሶ እንደ ድሮው ሆንኩ። ነገር ግን ያ ድድ ለአንድ አፍታ የራሴ እንደነበር አውቄያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ከጎጃም መጣች። እግሯን ታምማ ለቀብሩም ለተዝካሩም አልደረሰችም ነበር። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ተቀበልኳት። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ገና ስታየኝ፣ በአንድ እጇ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ተሸካሞቹ ሳይቀሩ ዕቃ አውርደው ቆሙ። እኔ ይዣት ቆምኩ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ቤት ከገባን በኋላ፣ "እማዬ፣ እኔ እኮ አላለቀስኩም" አልኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ተዪው" አለችኝ። "እኔ ያለቀስኩት ለሁለታችንም ይበቃል። ያንቺ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ካልመጣም አይምጣ።"

ሁለት ወር አብራኝ ቆየች። ያን ሰሞን የምቀባው ፈረሰኞችን ነበር። ዓይኗ ስለደከመ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ሳደርግላት፣ "ምንድነው፣ ባቄላ ነው?" ብላኝ ነበር። መነጽሩን ስሰጣት ግን ቀና ብላ ተቀመጠች። የአባቷ ቤት ፈረስ የሚረባበት ቤት ነበር።

"ይኼ ሁሉ ፈረስ አንድ መልክ ነው?" አለችኝ።

"በሰልፍ ነው የሚቀባው እማዬ፤ ባንዴ ነው የሚታለፈው።"

"የሰዉ ልብስ አንድ ይሆናል፣ መንግሥት ይሰጣቸዋል። ፈረስን ማን አንድ ያደርገዋል? ሐሰት ነው ይኼ።"

አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ እየጠቆመች ነገረችኝ። ይኼ ዳማ ይሁን፣ ቀላ ያለ። ያኛው ጉራቻ፣ ድፍን ጥቁር። ይኼኛው ቦራ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አድርጊለት። ያ ደግሞ ኋለኛ እግሩ ነጭ ይሁን፣ አባቴ እንዲህ ያለ ነበረው። እኔ ቡኒውን ከቀይ፣ ከጥቁር፣ ከነጭ እያደባለቅሁ የምትለውን መልክ አወጣለሁ። አንዳንዴ፣ "አይደለም፣ ትንሽ ይብሰል" ትለኛለች፤ እደግመዋለሁ። ስለ እህቴ ብዙ አላወራንም። አንድ ቀን ብቻ በመሃል፣ "እሷ ፈረስ ትፈራ ነበር" አለች። "እኔ አላውቅም ነበር" አልኳት። ሥራችንን ቀጠልን።

ክረምቱ ሲቃረብ እናቴ ተመለሰች። ቀጭን መርፌዎቼ በቀለም እየዛጉ አልቀው ስለነበር ክር ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ እኔና እህቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የእሳቸው ደንበኞች ነን፤ "ታላቂቱ" እና "ታናሺቱ" ነው የሚሉን። ያን ዓመት አባታቸው ታመው አገራቸው ከርመው ነበር፤ ሱቁ ተዘግቶ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ታናሺቱ! ደህና ከረማችሁ?" አሉና ሳልናገር ሁለት ወረቀት መርፌ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አደረጉ። እንደ ወትሮው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኔ።

"አንድ ይበቃኛል ጋሼ" አልኩ።

"ለምን? ታላቂቱስ? ሥራ በዛባት እንዴ፣ ዛሬ ሳትመጣ?"

ስምንት ወር ሊሞላ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ ነው የሚመጣው። መናገር የነበረብኝ ለእሳቸው ብቻ ነው።

"ሞታለች" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ክር ነጋዴው "ኢና ሊላሂ" ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔ ባንኮኒውን ያዝኩ። የክር ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ መጣ። እንዴት እንዳለቀስኩ አላውቅም። ድምፅ እንደነበረው አውቃለሁ፣ ከአጠገቡ ሱቅ ሰዎች መጥተው ነበርና። ክር ነጋዴው የሱቁን አንዱን መዝጊያ መለስ አድርገው፣ "ተዉአት፣ ተዉአት" እያሉ ሰዉን መለሱ። ውሃ አመጡልኝ። ከዚያ እሳቸውም ካርቶን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ስለ እህቴ ጠየቁኝ፤ ምን አመማት፣ የት ተቀበረች፣ እናታችን ሰማች ወይ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር የምነግራቸው፣ ግን ነገርኳቸው።

ከሱቁ ስወጣ ዝናብ ጀምሯል። ሰዉ ሁሉ ከረጢት ራሱ ላይ አድርጎ ይሮጣል። እኔ አልሮጥኩም። ቤት ስደርስ ሻሼ እንኳ በስብሶ ነበር፤ በረደኝ፤ ልብስ ቀየርኩና ትኩስ ነገር ጠጥቼ ተኛሁ።

ድንዛዜው በዚያ ቀን አልሄደም። ለብዙ ጊዜ እየሄደ እየመጣ ቆየ፤ እየቆየ ግን የሚቀርበት ቀን በዛ። መስከረም ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ቀሚስ ይዞ ሲመጣ ተቀበልኩት።

ሻለቃው ጦርነቱን የተሸነፉት ጥቅምት ላይ ነው። ደብዳቤውን ይዘው በራፌ ላይ መጡ። ወዳጃቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለ ፈረሶቹ ጠይቀው ነበር፤ ሻለቃው ፎቶግራፍ ልከውላቸው ኖሯል። "ፈረስ የሚያውቅ ሰው የቀባው ነው፣ ማን ነው?" ይላል።

"ምን ብዬ ልጻፍለት?" አሉኝ።

"እናቴ ናት ይበሏቸው።"

"እሺ፣ እንዲያ እላለሁ።"

"በመሸነፍዎ አዝነዋል ጋሼ?"

"አላዘንኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ነው ወደኋላ ስል የኖርኩት፤ አሁን ዐረፍኩ።" ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አዲስ ጥቅል አወጡ። "እነዚህ ደግሞ ለሚቀጥለው ጦርነት ናቸው፤ ኮታቸው ቀይ ነው። አሁን ትጀምሪያለሽ?"

ጭኔ ላይ ያለውን ጥልፍ አሳየኋቸው። ገና ግማሹ ነው፤ ባለቤቲቱ ለቅዳሜ ትፈልገዋለች።

"መደርደሪያው ላይ ያስቀምጧቸው" አልኳቸው። "መጀመሪያ ይኼን ልጨርስ።"